አራት ራስ

ትናንት የተጋገረ ዳቦ ዛሬም ዳቦ ነው። ይህን የምለው ራሴን ለማጽናናት አይደለም፤ በጥርሴም በምላሴም መርምሬው ነው። ትኩስ ዳቦን የሚያሸጠው ሽታው ነው። አንድ ሌሊት ካደረ ሽታው ይሄዳል፣ ዋጋውም አብሮት ይወርዳል፣ ሆድ ግን ልዩነቱን አያውቅም። ቢያንስ የእኛ ቤት ሆድ አያውቅም ነበር።

ገዳሪፍ ከገባን ያኔ ገና ዓመት አልሞላንም። ከዚያ በፊት ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነበርን። ሰልፉም ድንኳኑም ነፋሱም ሲበቃን ወጣን። ባሌ «ከተማ ከገባን ሁለታችንም ሠርተን እንበላለን» አለ፤ ባሌ ሲናገር ሁሉም ነገር ቀላል ነው። እሱ ከከተማው ውጭ ካሉት ሰፋፊ እርሻዎች ሥራ እየያዘ ሳምንትም ወርም ይጠፋል። እኔ ሰው ቤት እየዞርኩ ልብስ አጥባለሁ። በተከራየናት አንዲት ክፍል የሚውሉት ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችንና አማቴ ናቸው። አማቴ ጥርሳቸው መተማ ላይ ሳይሻገር የቀረ ይመስል ሦስት ብቻ ነው ያላቸው፤ ምላሳቸው ግን ሙሉውን ተሻግሯል።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ከተማው በተፈናቃይ ሞልቷል። እኛ ስደተኞቹ የእነሱን ስደት ቁጭ ብለን አየን። ሰው ሲበዛ ዳቦው በየሳምንቱ እያነሰ፣ ዋጋው እያደገ ሄደ። ማሽላ ገዝቼ እንጀራ ልጋግር ብል ደግሞ ከሰሉ አይቀመስም። ጠዋት ለልጆቹ ዳቦ ከገዛሁ ለማታ ሽንኩርት የለም፤ ለማታ ካሰብኩ ጠዋት ልጆቹ ባዶ ሻይ ጠጥተው ያዩኛል። ልጅ ምንም ሳይል ሲያይ ከማልቀሱ ይብሳል።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ መንገድ ዳር ካለው ዳቦ ቤት፣ እዚህ ፉርን ነው የሚሉት፣ ባለቤቱ ያደረ ዳቦ ጆንያ ውስጥ ሲከቱ አየሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሐጅ ይላቸዋል። ነጭ ጀለቢያቸው በዱቄት ይበልጥ ነጥቶ ከመሸጫዋ መስኮት አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ቆምኩና ወደ ጆንያው እየጠቆምኩ ዋጋውን ጠየቅሁ። የነገሩኝን ሰምቼ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ለሁለት ቀን ትኩስ ዳቦ በማወጣው ገንዘብ ከሳምንት በላይ የሚያቆየን ጆንያ ይገዛል።

የእኔ ዓረብኛ ያኔ የሳሙናና የውሃ ዓረብኛ ነበር፤ እጠቢ፣ አስጪ፣ ነገ ነይ፣ ከዚያ አያልፍም። ሐጅ ከጆንያው ቀና ብለው «ከም ራስ?» አሉኝ። ከም ስንት ማለት እንደሆነ ከገበያ አውቃለሁ። ራስን ደግሞ ማን አስተርጓሚ ይፈልግለታል፣ የራሳችን ቃል ነው። ስንት ራስ ናችሁ ማለታቸው ነው አልኩ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ አልረሳውም። መጠለያው ውስጥ ሁሉም ነገር በሰው ቁጥር ነበር የሚታደለው፤ ማሽላውም፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም። ስንት ናችሁ ሲሉን እየሰማን ነበር የኖርነው። ከዚያ ከወጣን ወዲህ ግን ስንት እንደሆንን የጠየቀን ሰው የለም፤ የመጠለያው የዕደላ ካርዳችንም ሥራ ፈትቶ ከአማቴ ትራስ ሥር ተኝቷል። አንድ የማያውቁኝ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቤተሰቤን ሲጠይቁኝ ጊዜ የማበላቸውን ሰዎች በጣቴ ቆጠርኩ። ባሌ፣ ትልቋ፣ ትንሿ፣ አማቴ። «አርበዐ» አልኩና አራት ጣት አሳየኋቸው። ሐጅ ለአራት ራስ የሚበቃውን መጥነው ሞሉልኝ፤ ሲያልቅ እንድመለስም ነገሩኝ።

ቤት ገብቼ ዳቦውን ጨርቅ ላይ ዘረገፍኩትና መልቀም ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ባለሙያ ሆንኩ። ደህናውን ውሃ ረጨት አድርጌ በሚፈላ ድስት ክዳን ላይ እገለብጠዋለሁ፤ በእንፋሎቱ ለስልሶ ለጠዋት ሻይ ይሆናል። የተሰነጠቀውን ቆራርሼ ፉል በተቀቀለበት ውሃ አርሰዋለሁ። ሽንኩርትና ጠብታ ዘይት ሲጨመርበት ሱዳኖቹ ቡሽ የሚሉት ምግብ ይወጣዋል፤ አማቴ «እንዴው ይችስ ያችው ፍትፍት ናት፣ ስሟን ቀይራ ነው» ይላሉ፣ ግን ሳህኑን ይጠርጉታል። ፍርፋሪውን ፀሐይ ላይ አድርቄ እወቅጠውና ወጥ አወፍርበታለሁ፤ በርበሬው ከበዛ ሽሮ ነው ብሎ የሚምል አይጠፋም። ጠርዙ ያረረውና ጥርስ የሚሰብረው የእኔ ነው። እሱን ሌሎቹ በልተው ሲያበቁ ምድጃው አጠገብ ቆሜ፣ ዕቃ እያነሳሁ እጨርሰዋለሁ። ሻይ ውስጥ ሲነከር አይከፋም።

በዚያ ወር መጨረሻ ለትልቋ ልጄ ጫማ ገዛሁ። አንድ ጠርሙስ ዘይት አልቆ ሌላው ተከፈተ። እጄ ላይ የቀረችውን ገንዘብ መሀረቤ ጫፍ ላይ ቋጥሬ መንገድ ላይ ስሄድ ትከሻዬ ወርዶ ነበር፤ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ወደ ጆሮዬ ሰቅዬው ነው የምሄደው። እፎይ ማለት እንዲህ እንደሆነ ረስቼው ነበር።

ከሐጅ ጋርም ተላመድን። በሄድኩ ቁጥር ስለ ቤተሰቤ ሳይጠይቁኝ አይቀሩም፤ ቃሉ ሲያጥረኝ በእጃቸው ያስረዱኛል። በደንብ ይበላሉ? ይላሉ። ይበላሉ፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ዳቦውን በውሃ አርሺላቸው፣ ደረቁን ከሰጠሻቸው ሆዳቸው ይነፋል አሉኝ። እኚህ ሰውዬ የአማቴን ድድ የት አዩት ብዬ ተገረምኩ። ሌላ ቀን፣ ሲመሽ ዝጊባቸው፣ መንገድ ላይ እንዳይቀሩ አሉኝ። ለሴት ልጅ እንዲህ የሚያስብ ሰው ይባረክ ብዬ የዚያን ዕለት አማቴን ጨምሬ ዘጋሁባቸው። አንድ ቀን ደግሞ «ለበን ፊ?» አሉኝ፣ ወተት አለ ወይ? አንጀቴን በሉት። «ማፊ» አልኩ፣ የለም። አዘኑና ከላይ አራት አምስት ዳቦ ጣል አደረጉልኝ። «ቢጂ፣ ቢጂ» አሉ፤ ይመጣል፣ ይመጣል። ወተቱ ከየት እንደሚመጣ እያሰብኩ ቤቴ ደረስኩ።

እንዲህ እያልን ሦስት ወር ያህል ሄደ። ዝናቡ ሊገባ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ባሌ ለእርሻ ምንጣሮ ወጣ፤ እኔም ጆንያዬን ይዤ ወደ ፉርኑ ሄድኩ። ሐጅ ፊታቸው ፈክቶ ጠበቁኝ። ልጃቸው ወልዳለች፣ ሰባተኛው ቀን ላይ የስም ማውጫ ድግስ አለ። እስከዚህ ገባኝ፤ «መብሩክ» አልኳቸው፣ እንኳን ደስ አለዎት። ከዚያ አንድ ጣት ቀስረው «ራስ ዋሒድ፣ ሚን ዒንዲክ» አሉኝ። አንድ ራስ፣ ካንቺ ዘንድ። ለድግሱ ዕቃ የሚያጥብ ሰው ፈልገው ነው አልኩ በሆዴ። ለእሳቸውማ ምን ገዶኝ፤ «አነ በጂ» አልኩ፣ እኔ እመጣለሁ።

ሐጅ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። «ላ፣ ላ» አሉ፣ «ገነም!»

ገሃነም ያሉኝ መሰለኝ። ቶሎ የሚነድ ሰው ነኝና ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ፤ ሦስት ወር ሙሉ የመረቅኋቸው ሰውዬ ወደ ገሃነም ሊሰዱኝ ነው። አፌን ልከፍት ስል ሁለት ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ እንደ ቀንድ አቁመው፣ ያ ሁሉ ጺማቸው እየተንቀጠቀጠ «ምእእእ» አሉ። ቀጥለውም በሁለት እጃቸው የጎን ስፋት አሳዩኝ፤ የሰባውን ይዘሽ ነይ፣ ዋጋውን እከፍልሻለሁ።

ያኔ ገባኝ። ጆንያው ለፍየል ነበር። ራስ ያሉትም የፍየል ራስ ነው። የሚበሉት፣ ሆዳቸው የሚነፋው፣ ሲመሽ የሚዘጋባቸው፣ ወተታቸው የሚመጣው የእኔ አራት ፍየሎች ናቸው። ሐጅ መልሴን ሲጠብቁ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፣ እሺ ይሁን እንቢ እኔም አላውቅም፤ የሞሉልኝን ዳቦ ተሸክሜ ሄድኩ።

መንገድ ላይ እንባዬ መጣ። ልጆቼን የፍየል ቀለብ አበላሁ ብዬ አይደለም፤ በልተው ወፍረዋል፣ እሱን ዓይኔ ያያል። ያሳፈረኝ ያ የመጀመሪያው ቀን ደስታዬ ነው። ሰው ቆጠረን ብዬ መደሰቴ። አንድ ሰው እንኳ ስንት እንደሆንን ያውቃል ብዬ ሦስት ወር በዚያ መንገድ ቀና ብዬ መሄዴ። ለካ የተቆጠረው ሌላ ነው።

ቤት ገብቼ ለአማቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና መሬት እስኪነኩ ሳቁ። አገራችንን ከለቀቅን ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላየሁም።

«ታዲያ የትኛችንን ልትሸጪ ነው?» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እኔ እንደሆንኩ አርጅቻለሁ፣ ሥጋዬ አይበስልላቸውም። ልጄን እንዳትሰጪብኝ።»

«እማማ፣ ይተዉ እንጂ» አልኳቸው። «ነገሩ የዳቦ ነው። እውነቱን ከተናገርኩ አታለሽኝ ይሉኛል፤ የፍየል ቀለብ ዋጋ ለሰው አይሆንም ብለው ይከለክሉናል። ዝም ካልኩ ደግሞ ሰውየው ድግስ ደግሰው ፍየል ይጠብቃሉ።»

«ሞቱ በያቸዋ።»

ልል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ቆመ። አራት ብዬ ስቆጥር የቆጠርኳቸው እነማንን እንደሆነ አውቃለሁ። አራቱም ሞቱ ብዬ በገዛ አፌ ልናገር? ባሌ ምንጣሮ ላይ እያለ፣ እባብና ጊንጥ መሀል? አማቴም ያሉትን ሰምተው ደነገጡና ሦስቴ አማተቡ። ሸጥኳቸው ማለትም አልሆነልኝ፤ ጠፉ ማለትም አልሆነልኝ። ያቺ ቁጥር ውሸት የማትቀበል ሆነች።

አማቴ ነጠላቸውን አነሱ። «ራስ አይደል የጠየቁሽ? ነገ ጠዋት ይዘሽን ሂጂ። ራሳችንን ይዩት።»

በማግስቱ የጠዋቱ ግፊያ ሲቀንስ ሄድን። አማቴ ከፊት፣ ሁለቱ ልጆች በግራና በቀኝ፣ እኔ ከኋላ፣ ባዶ ጆንያዬን ደረቴ ላይ አቅፌ። ይህን መስኮት ካጣሁት የልጆቹ ባዶ ሻይ ተመልሶ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሐጅ በገመድ የታሰረ ነገር እንዳለ ለማየት ከኋላችን ያለውን መንገድ ማተሩ። ፍየል የለም። አማቴን ገፋ አድርጌ መስኮቷ ፊት አቆምኳቸውና ያሰብኩት ዓረብኛ ሁሉ ጠፋኝ።

ትልቋ ልጄ እንደኔ አይደለችም፤ ሰፈር ውስጥ ስትጫወት ቋንቋውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ወደ መስኮቷ ተንጠራርታ «ያ ሐጅ፣ ዴል ኤልአርበዐ» አለች፤ አራቱ እነዚህ ናቸው። «ኒሕና ናስ፣ ማ ገነም።» እኛ ሰዎች ነን፣ ፍየል አይደለንም።

ሐጅ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ የአማቴን ፊት፣ ከዚያ በእቅፌ ያለውን ጆንያ አዩ። ፈገግታው እየጠፋ ሄደ። ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሌ ማ ጉልቲ?» አሉኝ፣ ለምን አልነገርሽኝም? ተቆጥተዋል፣ ግን ቁጣው የእናት ቁጣ ዓይነት ነበር፤ ልጅ ከእሳት አጠገብ ስትጎትት የምትቆጣው።

«ራስ አሉኝ፣ ራስ አልኩ» አልኩ፤ ልጄ ተረጎመች። በእኛ አገር ራስ የሰውም እንደሆነ ጨምራ ነገረቻቸው። ሐጅ ቆባቸውን ነካ አድርገው የእኛም ራስ እዚህ ነው ያለው አሉ፤ ሲቆጠር ግን ራስ የሚባለው እንስሳ ነው፣ ሰው ሌላ ነው።

ተነስተው በሩን ከፈቱና ወደ ውስጥ ጠሩን። ጥግ ላይ ያለውን ጆንያ በእግራቸው ነክተው አሳዩኝ፤ ከጠረጴዛ ሥር የተጠረገው፣ የወደቀው፣ የተረገጠው እዚያ ነው። ወደ ሌላው ግድግዳ ዞሩ። መደርደሪያ ላይ ጨርቅ የለበሰ ዳቦ ተደርድሯል፤ ንጹሕ፣ ድፍን፣ ትናንት የተጋገረ። «ባይት» አሉ። ያደረ ማለታቸው ነው፤ እነሱም እንደኛው ዳቦን አደረ ይሉታል። ከፍርፋሪ መሀል እየለቀምኩ የምፈልገው ዳቦ ሦስት ወር ሙሉ ከጆንያው ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ነበር። ላጤዎች እየመጡ ይገዙታል አሉኝ።

ዋጋውን ልጠይቅ ነበር። ሐጅ ቀደሙኝ። «ለፍየል በሰጠሁት ዋጋ ላይ ለሰው ብዬ አልጨምርም» አሉ። ልጄ ስትተረጉምልኝ ሁለት ጊዜ እንድትደግመው አደረግኋት። ስለ ድግሱም አታስቢ፣ ገበያ ፍየል ሞልቷል፤ እናንተ እኛ ያረድነውን እንደማትበሉ አውቃለሁ፣ ለልጆቹ ቴምር እልካለሁ አሉኝ። ጆንያውን ከደረቴ አወረድኩት።

ከዚያ ሐጅ ከመደርደሪያው ዳቦ እያነሱ ለየሰዉ ድርሻ ማስቀመጥ ጀመሩ። ጣታቸውን ወደ አማቴ፣ ወደ ትልቋ፣ ወደ ትንሿ እየቀሰሩ ቆጠሩ፤ «ዋሒድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ።» አራተኛውስ የት ነው አሉ። ልጄ አባቷ እርሻ ላይ እንደሆነ ነገረቻቸው። «አርበዐ» ብለው የእሱንም አስቀመጡ። ቁጥሩ ሞላ። ጆንያዬን ዘረጋሁ።

ሐጅ ግን ጣታቸውን አላወረዱም። ወደ እኔ ቀሰሩት።

«ወ እንቲ?» አሉኝ። አንቺስ?

ዕቃ የሚያጥብ አንድ ራስ የፈለጉ ሲመስለኝ እኔ እመጣለሁ ለማለት አንድም አፍታ አልፈጀብኝም። ዳቦ ሲሆን ግን ሦስት ወር ሙሉ አራት ነን ብያለሁ። አማቴ ቀስ ብለው ዞሩ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለዱም። «ካርዱ ላይ እኮ አምስት ነበርን የኔ ልጅ» አሉኝ። «ራስሽን የት ጥለሽው ነው?»

ሐጅ «ኸምሳ» አሉና አምስተኛውን ድርሻ ከላይ አደረጉት።

ቤት ስንደርስ ሻይ ጣድኩ። ሳህኖቹን ደርድሬ እንደ ልማዴ ወደ ምድጃው ልመለስ ስል አማቴ ፈቀቅ ብለው ከአጠገባቸው ምንጣፉን በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ከደህናው ዳቦ አንዱን አነሳሁ፣ ያረረ ጠርዝ አልነበረውም። የዚያን ቀን ቁጭ ብዬ በላሁ።